ከጣና ዳር ወደ ካዛብላንካ፦ በሆቴል ነጥብ የማደር መመሪያ

ከባሕር ዳር ለሥልጠና፣ ለወርክሾፕና ለስብሰባ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ጥቂት አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ የጤና ፕሮጀክት ባለሙያዋ፣ በጣና ገዳማት እንግዳ የሚያስጎበኘው አስጎብኚ አልፎ አልፎ በሂልተን፣ በሸራተን ወይም በሃያት ሪጀንሲ አድረው ይመለሳሉ፤ ያደሩባቸው ሌሊቶች ግን በስማቸው ሳይመዘገቡ ይቀራሉ። እነዚያ ሌሊቶች በወጉ ቢያዙ ኖሮ ሞሮኮ ውስጥ ባለ ትልቅ የከተማ ሆቴል የክፍል ኪራይ ሳይከፈል የሚያሳድር ነጥብ፣ ብዙዎቻችን ፖይንት የምንለው፣ በሆኑ ነበር። ይህ መመሪያ ነጥቡ ከሚጠራቀምበት ቀን አንሥቶ የካዛብላንካው ሆቴል ሒሳብ እስከሚዘጋበት ሰዓት ድረስ ያለውን ሂደት ከስማችን፣ ከቀን አቆጣጠራችንና ከገንዘባችን ጋር እያገናዘበ ያስረዳል፤ ኢትዮጵያዊ ተጓዥ የሚቸገረው በአብዛኛው በእነዚህ በሦስቱ ነውና።

ነጥብ የሚሰጠው ሆቴሎቹ ለደንበኞቻቸው ባዘጋጁት የአባልነት ፕሮግራም ነው፤ አባል ለመሆን ክፍያ አይጠየቅም። አዲስ አበባ ካሉት ሆቴሎች ሂልተን በሂልተን ኦነርስ፣ ሸራተን አዲስ በማሪዮት ቦንቮይ፣ ሃያት ሪጀንሲ በወርልድ ኦፍ ሃያት ፕሮግራም ይታቀፋሉ። በሂልተንና በማሪዮት፣ በአብዛኞቹ ብራንዶቻቸው፣ ለሚከፈለው ለእያንዳንዱ ዶላር 10 ነጥብ፣ በሃያት ደግሞ 5 ነጥብ ይመዘገባል። የሃያት ነጥብ በቁጥር ቢያንስም ለአንድ ሌሊት የሚጠየቀውም ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ብቻ አይቶ አንዱን ፕሮግራም ከሌላው ማበላለጥ አይገባም። እኔ የምመክረው በአንዱ መጽናትን ነው፤ በሦስት ቦታ የተበተነ ነጥብ አንዲት ሌሊት ሳይሞላ ጊዜው ያልፍበታል። በማሪዮትም ሆነ በሃያት 24 ወር ሙሉ ምንም እንቅስቃሴ ያልታየበት አካውንት ነጥቡን ያጣል።

ነጥቡ እንዲመዘገብ ክፍሉ በሆቴሉ የራሱ ድረ ገጽ፣ መተግበሪያ ወይም ስልክ መያዝ አለበት፤ በሌላ የሆቴል መሸጫ ድረ ገጽ በኩል የተያዘ ክፍል እንደ ደንቡ ነጥብ አያስገኝም። ከዚህ ይልቅ የእኛን ሰው የሚጎዳው የአከፋፈሉ ነገር ነው። አዘጋጁ ድርጅት የ40 ተሳታፊዎችን ክፍያ በአንድ ሒሳብ አጠቃሎ ሲከፍል፣ ነጥቡ ብዙውን ጊዜ በክፍሉ ላደረው እንግዳ አይደርስም። ስለዚህ የመኝታው ወጪ በአበል መልክ ለተሳታፊው የሚሰጥበት አሠራር ካለ፣ ክፍሉን ራስዎ ይዘው ራስዎ ይክፈሉ፤ ደረሰኙም በስምዎ ይቆረጥልዎ። ይህን ከስብሰባው በፊት ከፋይናንስ ክፍል ጋር መነጋገር እንጂ በመውጫው ቀን እንግዳ መቀበያ ቆሞ መከራከር ፋይዳ የለውም።

አሁን ወደ ስም ጉዳይ ልግባ፤ ከሁሉ አስበልጬ የማሳስበውም ይህንኑ ነው። የእነዚህ ፕሮግራሞች ቅጽ «መጠሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ቦታዎች አሉት፤ እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። መፍትሔው አንድ ነው፦ ፓስፖርቱ በቤተሰብ ስም ቦታ ያሠፈረውን፣ የአባትም ይሁን የአያት፣ ፊደሉን ሳይለውጡ መገልበጥ። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል፤ ትክክለኛው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ብቻ ነው። እኔ አካውንቱን ስከፍት የአባቴን ስም አስገብቼ፣ ፓስፖርቴ ግን የአያቴን ስም ይዞ ስለነበር፣ አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ያደርኩባቸው ሁለት ሌሊቶች ሳይመዘገቡልኝ ቀሩ። የተመዘገቡልኝም ደረሰኙንና የፓስፖርቴን ቅጂ ልኬ ለሳምንታት ከተጻጻፍኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ አይጣል። የመግቢያ ማረጋገጫ ኮድም ከስልክ ቁጥርዎ በተጨማሪ በኢሜይል እንዲደርስዎ ያድርጉ፤ ሞሮኮ ሲደርሱ የኢትዮጵያ ሲም ካርድዎ መልእክት ላይቀበል ይችላል።

ነጥቡ በቂ ሲሆን ከተማውን መምረጥ ይቀጥላል። በሞሮኮ ማሪዮት በፌስ ጅናን ፓላስ፣ ሂልተን በታንጀር መሐል ከተማ፣ ሃያት ሪጀንሲ በካዛብላንካ በተባበሩት መንግሥታት አደባባይ መዲና ከሚባለው አሮጌው የከተማው ክፍል አጠገብ ሆቴል አላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ካዛብላንካን አስቀድማለሁ፤ ዋናው ዓለም አቀፍ በረራ የሚያርፈው በዚያ ነው፣ ከዚያም በ2018 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው አል ቦራቅ ፈጣን ባቡር በሰዓት እስከ 320 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከሁለት ሰዓት ጥቂት በሚያልፍ ጊዜ ታንጀር ያደርሳል።

ነጥብዎን ከማውጣትዎ በፊት የዚያኑ ሌሊት የገንዘብ ዋጋ ግብር ጨምረው ይመልከቱና በሚጠየቀው ነጥብ ያካፍሉት። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ክፍል በ8,000 ነጥብ ወይም በ160 ዶላር ቢቀርብ እያንዳንዱ ነጥብ 2 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ዋጋ አወጣ ማለት ነው፤ ያው ክፍል በሌላ ቀን በ80 ዶላር ሲቀርብ ግን ነጥብዎ በግማሽ ዋጋ ተሸጠ። ካዛብላንካ የንግድ ከተማ ስለሆነች ዋጋዋ በሥራ ቀናት ሊወደድ ይችላል፤ ነጥብን በእነዚያ ቀናት መጠቀም፣ በርካሾቹ ቀናት ደግሞ በገንዘብ መክፈል ብልህነት ነው። በማሪዮት አምስት ተከታታይ ሌሊት በነጥብ ሲያዝ የአንዱ ሌሊት ነጥብ አይጠየቅም፤ ፌስን ረጋ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነጥብ ከጎደለዎ በሂልተንም ሆነ በሃያት የሁለት አባላትን ነጥብ ማጣመር ስለሚፈቀድ፣ ባልና ሚስት በየግላቸው አባል ሆነው ቢያጠራቅሙ መልካም ነው። በዶላር ነጥብ መግዛትን ግን አልመክርም፤ የውጭ ምንዛሪ በመከራ በሚገኝበት አገር ያ ዶላር ለጉዞው ራሱ ያስፈልጋል።

ቀኑን ሲይዙ ሁለቱን አቆጣጠሮች በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። ሐሙስ ጥቅምት 5 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለት ኦክቶበር 15 ቀን 2026 ነው። አውሮፕላንዎ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢያርፍ፣ እኛ ያንን ሌሊት የሐሙስ አድርገን እናስበዋለን፤ ትኬቱ ላይ ግን ቀኑ ዓርብ ኦክቶበር 16 ተብሎ ይጻፋል። ይህን አይቶ ክፍሉን ከ16 ጀምሮ የያዘ ሰው እስከ ከሰዓት በኋላ ሎቢ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የክፍል መረከቢያው ብዙውን ጊዜ 15፡00፣ በእኛ አነጋገር 9 ሰዓት ነውና። ትክክለኛው ከኦክቶበር 15 ጀምሮ መያዝና፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደሚደርሱ ለሆቴሉ አስቀድሞ በኢሜይል ማሳወቅ ነው፤ አለበለዚያ ሳይመጡ እንደቀሩ ተቆጥሮ ክፍሉም ነጥቡም ሊቀር ይችላል። የሞሮኮ ሰዓት ከኢትዮጵያ በሁለት ሰዓት፣ በረመዳን ወር ደግሞ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይላል።

በመደበኛ ፓስፖርት የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የሞሮኮ ኤምባሲም አዲስ አበባ አለ። በነጥብ የተያዘ ክፍል ማረጋገጫም የማደሪያ ማስረጃ ስለሆነ፣ አብሮዎት የሚሄደው ሰው ስም በማረጋገጫው ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ። ቪዛው ላይሳካ ስለሚችል መሰረዝ የሚቻል ክፍል ብቻ ይያዙ፤ የመሰረዣው የመጨረሻ ቀን ማረጋገጫው ላይ ተጽፏል፣ ከዚያ በፊት ከተሰረዘ ነጥቡ ወደ አካውንትዎ ይመለሳል። የማረጋገጫውን ወረቀት ማተምም አይዘንጉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እኛ በባሕር ዳር በደንብ እናውቀዋለን።

በረራውን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ከአዲስ አበባ በካይሮ ወይም በኢስታንቡል በኩል የሚሄዱት ኢጅፕት ኤርና ተርኪሽ ኤርላይንስ እንደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ስታር አላያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባላት ስለሆኑ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ማጠራቀሚያ ፕሮግራም የሆነው ሼባማይልስ ሊያገለግል ይችላል። የሞሮኮው ሮያል ኤር ማሮክ ግን ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋንወርልድ የተባለው የሌላ ኅብረት አባል ነው፤ ማይል ይያዝ እንደሆነ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይጠይቁ።

በነጥብ ማደር ማለት ያለ ገንዘብ መሄድ ማለት አይደለም። ሞሮኮ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው በየሌሊቱ የሚከፈል የቱሪዝም ታክስ አለ፤ ክፍሉ በነጥብ ቢያዝም እንደሚጠየቁ ያስቡ። በተጨማሪም እንግዳ መቀበያው ለሚኒባር፣ ለምግብና ለመሳሰለው ዲፖዚት ከካርድዎ ላይ ይይዛል። የአገር ውስጥ የኤቲኤም ካርድ እዚያ ስለማይሠራ፣ ከባንክዎ በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ ዓለም አቀፍ ካርድ አስቀድመው ያውጡ፤ ባንኩ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ስለሚጠይቅ ይህን ለመነሻው ዋዜማ ማቆየት አደገኛ ነው። የተያዘው ገንዘብ ከወጡ በኋላ እስኪለቀቅ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል፣ የቀሪውን ጉዞ ወጪ በዚያ ገንዘብ ላይ እንዳይመሠርቱ። ዲርሃም ከአገሩ ውጭ በወጉ ስለማይገኝ ጥቂት ገንዘብ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይመንዝሩ፤ የተረፈውን መልሶ ለመመንዘር ደረሰኙ ይጠየቃል።

ከመሐመድ አምስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ባቡሩ ካሳ ቮያዠር ጣቢያ ያደርሳል፤ ከዚያ ትራም አንድ ቁጥር ወይም ቀዩ ትንሽ ታክሲ እስከ ተባበሩት መንግሥታት አደባባይ ይወስዳል። ነጥብ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ መደበኛውን ክፍል ነው፤ ሆኖም ከፍ ያለ ፎቅ ላይ፣ ወደ መዲናውና ወደ ባሕሩ የሚያይ ክፍል ካለ እንዲሰጥዎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለበትም። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከባሕር ዳርቻ ነው፤ በጣና ዳር ላደገ ሰው የአትላንቲክን ውኃ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን የዳግማዊ ሐሰን መስጊድንና 210 ሜትር የሚደርሰውን ሚናሬቱን ከመስኮት ማየት ጠዋቱን ሙሉ ያስቆማል። ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚም በተወሰኑ ሰዓታት ከአስጎብኚ ጋር ወደ ውስጥ መግባት ይችላል።

ቁርስ በነጥብ ሌሊት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይካተትም፤ ሲገቡ ዋጋውን ጠይቀው ይወስኑ። በጾም ወቅት የሚሄድ ምእመን መዲናው ውስጥ ከደረቅ ባቄላ ተፈጭቶ በወይራ ዘይት የሚቀርበውን ቢሳራ ቢጠይቅ የሽሮን ዘመድ ያገኛል፤ ከበድርጃንና ከቲማቲም የሚሠራው ዛሉክም ለጾም ይሆናል። ሐሪራ የተባለው ሾርባ ግን ሥጋ ሊኖርበት ስለሚችል ይጠየቅ። በሥጋ ላይ የሃይማኖት ጥንቃቄ ያለው ሰው በፍስክ ቀን ወደ ዓሣ ቢያዘነብል፣ ካዛብላንካ የወደብ ከተማ ስለሆነች አይቸገርም።

በመውጫው ዕለት ሒሳቡ የተዘጋበትን ደረሰኝ ይውሰዱ፤ የክፍሉ ኪራይ ዜሮ መሆኑን፣ የቀረበብዎ ታክስና የበሉት ብቻ መሆኑን መስመር በመስመር ያንብቡ። በክፍልዎ ላይ አስመዝግበው የበሉት ምግብ አዲስ ነጥብ ስለሚያስገኝ፣ ባሕር ዳር ከተመለሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ አካውንትዎን ከፍተው መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ ካልተመዘገበ ያንኑ ደረሰኝ አያይዘው ይጻፉ።