«ሩካቤ»ን ከሥሩ መፍታት

ሩካቤ የባልና የሚስት ግንኙነት ማለት መሆኑን ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ጾም ሲሰበክ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ግን ቃሉን እንዳለ መፈለግ አያዋጣም፤ ግእዝ የሚፈለገው በግሱ ነው። ስሙን አራቁቱና ረ፣ ከ፣ በን ያዙ፤ ግሱ «ረከበ» ነው።

በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት ካገኛችሁ ረን ከፊተኞቹ ገጾች አትጠብቁ። የፊደሉ ተራ «አ፣ በ፣ ገ፣ ደ» እያለ የሚሄደው አበገደ ነው፤ በለመድነው ሀለሐመ ስድስተኛ የሆነው ረ እዚያ ወደ መጨረሻው ነው የሚገኘው። ብዙ ሰው «የለም» ብሎ መጽሐፉን የሚከድነው እዚህ ላይ ነው።

ረከበ ማለት አገኘ ነው። ገብርኤል ማርያምን «ረከብኪ ሞገሰ» ሲላት ጸጋ አግኝተሻል ማለቱ ነው። አሁን ግሱን በአዕማዱ፣ ማለት አድራጊ፣ ተደራጊ በሚባሉት መልኮቹ፣ አርቡት፤ እርስ በርስ መደራረግን የሚያሳየው ተደራራጊው «ተራከበ» ይሆናል፣ ተገናኘ። ተራክቦም ሩካቤም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ማመሳከሪያው እቤታችን አለ፦ አማርኛም «አገኘ»ን ወደ «ተገናኘ» ያረባዋል፣ «ከሚስቱ ጋር ተገናኘ» ሲባልም ማንም ሌላ ነገር አይጠረጥርም። ሥሩ ራሱ ግን አልጋን አያውቅም። ከትንሣኤ ጀምሮ ሲቆጠር በ25ኛው ቀን የሚውለው ርክበ ካህናት የካህናት መሰባሰብ ነው፣ አለቀ።

ትልቁ ስሕተት ከዛሬው «ተረከበ» መነሣት ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ርክክብን አስቦ «ባል ሚስቱን የሚረከብበት ነው» የሚል ፍቺ ይሰማል። ለሠርግ ቀልድ ይሆናል፤ ለቃሉ ግን አይሆንም። ተረከበ የአንድ ወገን መቀበል ነው፣ ተራከበ ግን ሁለቱንም አድራጊ ያደርጋል። በአንዲት «ራ» ነው የሚለያዩት።

የቅኔ መምህር የምትጠይቁ ከሆነ በሩካቤ አትጀምሩ። «የኔታ፣ ረከበ እንዴት ይረባል?» በሉ፤ ርባታው ራሱ ያደርሳችኋል። ለዚህ በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት የምትሄዱ ሴቶች ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማያስገባ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ዘጌ ላይ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ያስገባል።

ስትጽፉ «ሩካቤ ሥጋ» በንጉሡ ሠ ነው።