ቀይና አረንጓዴ ለሚምታታበት ዲዛይነር፦ ቀለምን በቁጥር ማንበብ

አዲስ አበባ ውስጥ ለቡም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ ባነር ቤት የገባ ደንበኛ «ቡናማ አድርገው» ብሎ ይሄዳል። ቀይና አረንጓዴ ለሚምታታበት ዲዛይነር ቡናማና ጥቁር አረንጓዴ ተመሳሳይ ናቸው። ስክሪኑ ላይ ማፍጠጥ ዋጋ የለውም፤ የሚያዋጣው ቁጥሩን ማንበብ ነው።

ፎቶሾፕ ላይ ኤፍ 8 ስትጫኑ የኢንፎ ሳጥን ይመጣል። እዚያ ያለችውን የቀለም መልቀሚያ ምልክት ነክታችሁ «ኤች ኤስ ቢ»ን ምረጡ። ከዚያ በኋላ ማውሱ ያረፈበት ቀለም በሦስት ቁጥር ይነበባል።

የመጀመሪያው፣ ሂዩ፣ የቀለሙ ማንነት ነው፦ 0 ቀይ፣ 30 ብርቱካናማ፣ 60 ቢጫ፣ 120 አረንጓዴ፣ 240 ሰማያዊ። ክብ ስለሆነ 355ም ቀይ ነው። ቡናማ የራሱ ቁጥር የለውም፤ የጨለመ ብርቱካናማ ነው። ሂዩው ከ20 እስከ 40 ሆኖ ሦስተኛው ቁጥር፣ ብራይትነስ፣ ከ60 በታች ከወረደ ቡናማ በሉት፤ ሂዩው 90 ካለፈ ወደ አረንጓዴው ገብቷል። ሁለተኛው፣ ሳቹሬሽን፣ ከ10 በታች ሲሆን ግን ነገሩ ግራጫ ነውና ሂዩውን አትመኑት።

መልቀሚያው «ፖይንት ሳምፕል» ላይ (አንድ ፒክስል ብቻ በሚያነብበት) ከተተወ ያሳስታል። በቴሌግራም የመጣ ሎጎ ተጨምቆ ስለሚደርስ ጎን ለጎን ያሉ ፒክስሎች እንኳ ቁጥራቸው ይለያያል። «5 በ 5 አቨሬጅ» አድርጉት።

ቀይ ጽሑፍ በአረንጓዴ ላይ የሚያዝ ደንበኛ አይጠፋም። በአር ጂ ቢ (በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መጠን) ቀዩ (255፣ 0፣ 0)፣ አረንጓዴው (0፣ 128፣ 0) ቢሆን ኮንትራስቱ፣ ማለትም የሁለቱ የብርሃን ልዩነት፣ 1.3 ለ 1 ብቻ ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ 4.5 ይጠይቃል። በዚያው አረንጓዴ ላይ ቢጫ 4.8፣ ነጭ 5.1 ይሰጣል። ቀዩን የግድ ካሉ በነጭ መስመር ክበቡት፤ በባንዲራችን ላይም ሁለቱን የሚለያቸው መሃል ያለው ቢጫ ነው።

ለመፈተሽ ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ከለር ፊልተርን ግራጫ ላይ አድርጋችሁ አቋራጩን ፍቀዱ፤ ከዚያ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ሲ አንድ ላይ ሲጫኑ ይበራል፣ ይጠፋል። በግራጫ የጠፋ ጽሑፍ መንገድ ላይም አይነበብም። ፊልተሩ ፋይሉን አይነካም፣ ደንበኛ ስክሪኑን ሲያይ ግን አጥፉት። የፎቶሾፕ የቀለም ዕውርነት ማሳያ የተሠራው ቀለም ለሚለዩ ሰዎች ነው፤ ለእናንተ ብዙም አይጠቅምም።

በራሳችሁ ማሽን 3 ሴንቲሜትር ካሬ ናሙናዎች አትሙ፤ ከሥራቸው አራቱን የሕትመት ቀለም ቁጥሮች (ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር) ጻፉ፣ ስሙን ግን ቀለም የሚለይ ሰው ይጻፈው። የማሽኑ ቀለም ወይም ፍሌክሱ (ባነር የሚታተምበት ፕላስቲክ) ሲቀየር ያው ቁጥር ሌላ ቀለም ስለሚያወጣ እንደገና አትሙ። ደንበኛው በር ላይ፣ በቀን ብርሃን ይምረጥ፤ መብራት ቢጠፋም ምርጫው አይቆምም። የመረጠውን ቁጥር ትዕዛዙ ላይ ጽፋችሁ አስፈርሙት።