በመኪና መስኮት ላይ የሚገጠምና የሚነቀል የወንፊት መረብ አሠራር

የመኪናውን መስታወት ዝቅ አድርጎ ማረፍ የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ነፋሱ እንዲገባ፣ ቢምቢና ዝንብ ግን ውጭ እንዲቀሩ። ሁለቱን የሚያስታርቀው ሲያስፈልግ የሚገጠም፣ ሥራው ሲያበቃ ተነቅሎ የሚቀመጥ የወንፊት መረብ ነው። ሥራው የባለሙያ እጅ አይጠይቅም፤ በትክክል የሚለካና ቀጥ ያለ ስፌት የሚሰፋ ማንኛውም ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ይሁን እንጂ አብዛኛው መረብ የሚሸነፈው መሐሉ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው። ቢምቢ የሰው እስትንፋስ ወደሚወጣበት አቅጣጫ የምትሳብ ፍጥረት ስለሆነች፣ በወንፊቱ ማለፍ ሲያቅታት ዳር ዳሩን እየዞረች ክፍተት ትፈልጋለች፤ የጣት ውፍረት ያላት አንዲት ክፍተት ደግሞ የተቀረውን ድካም ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች። ስለዚህ ከጨርቁ ይልቅ መረቡ ከበሩ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆያለን።

ጨርቁን መምረጥ

የመጀመሪያው ውሳኔ የወንፊቱ ዓይን ስፋት ነው። ለወባ ትንኝና ለዝንብ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዓይን ይበቃል። ለአልጋ አጎበር የተለመደው ልክ በአንድ ካሬ ኢንች 156 ዓይን ሲሆን፣ ይህም በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 24 ዓይን ማለት ነው። ልኩ ያልተጻፈበት ጨርቅ ካጋጠመዎት ማስመሪያ አስጠግተው በ1 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ያሉትን ዓይኖች ይቁጠሩ፤ ከ5 ካነሱ ጨርቁን ይተዉት። የአሸዋ ዝንብና ርዝመታቸው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ጥቃቅን ተናካሾች በሚበዙበት ቦታ ግን ይህ ልክ አይበቃም፤ ሰውነታቸው ከርዝመቱ ይልቅ እጅግ ቀጭን ስለሆነ በተለመደው አጎበር ሾልከው ያልፋሉ። ለእነሱ ዓይኑ ከ0.6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ መረብ ያስፈልጋል።

ዓይኑ በጠበበ ቁጥር የሚገባው አየር እንደሚቀንስ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የዓይኑን ስፋት ለዓይኑና ለክሩ ውፍረት ድምር አካፍሎ ውጤቱን በራሱ በማባዛት ክፍት የሆነውን ድርሻ ማግኘት ይቻላል። ዓይኑ 1.2 ሚሊ ሜትር፣ ክሩ 0.28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከጨርቁ 66 በመቶ የሚሆነው ክፍት ነው፤ ዓይኑ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ክሩ 0.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ድርሻው ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ አየር የበለጠ ስለሚታገል በተግባር የሚሰማው ልዩነት ከቁጥሩ ይሰፋል። ስለዚህ ጥቃቅኖቹ ተናካሾች በማይገኙበት ቦታ እጅግ ደቃቁን መረብ መምረጥ ያለ ጥቅም መታፈን ነው።

ፖሊስተር ከናይለን ይሻላል፤ ናይለን እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፣ ፀሐይም ፈጥኖ ይጎዳዋል። ለቤት መስኮት የሚሸጠው የፋይበር ግላስ ወንፊት ቅርጹን ባይለቅም በተደጋጋሚ ሲታጠፍ ክሩ እየተሰበረ ስለሚሄድ ተጠቅልሎ እንጂ ታጥፎ መቀመጥ የለበትም። ቀለምን በተመለከተ ጥቁሩን እመርጣለሁ። ነጭ ክር ብርሃን ስለሚበትን ውጭውን እንደ ጉም ይሸፍነዋል፤ በጥቁሩ ግን ዓይን ያለ ችግር ያልፋል። ሌሊት ውስጡ መብራት ከበራ ግን በየትኛውም ቀለም ውጭ የቆመ ሰው ውስጡን ያያል።

በምን ይያዝ?

መስታወት ላይ ተጭነው የሚጣበቁ የጎማ ኩባያዎች ያሏቸው መረቦች ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ የሚለጠፉት በተዘጋ መስታወት ላይ ስለሆነ የፀሐይ መከላከያ እንጂ የአየር መግቢያ አይደሉም። የሚጠቅሙን ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው እንደ ትራስ ልብስ ከላይ በበሩ ፍሬም ላይ የሚጠለቀው የከረጢት ዓይነት ነው፤ ሁለተኛው ዙሪያውን ማግኔት የተሰፋበት ነው።

የበሩ መስታወት በብረት ፍሬም የተከበበ ከሆነ የከረጢቱን ዓይነት ይምረጡ። በሩ ሲዘጋ የበሩ ጎማ ራሱ ጨርቁን ጨብጦ ስለሚይዘው ክፍተት የሚፈጠርበት ዕድል ጠባብ ነው፤ በሩ ሲከፈትም መረቡ አብሮ ይሄዳል። በሩ ሲከፈት መስታወቱ ብቻውን የሚቆምባቸው፣ ፍሬም የሌላቸው መኪኖች ግን ከረጢት የሚጠለቅበት ነገር ስለሌላቸው ለእነሱ የሚሆነው ማግኔት ነው። ማግኔት ከመግዛትዎ በፊት አንድ ትንሽ ማግኔት ይዘው የመስኮቱን ዙሪያ ጣት በጣት ይፈትኑ። የአንዳንድ መኪና በር አሉሚኒየም ነው፤ የሌሎቹም ፍሬም ከላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ማግኔት ሁለቱንም አይነካም። ማግኔቱ የማይይዝበትን ቦታ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ ልኩን ሲያወጡ ይህ ምልክት ያስፈልግዎታል።

ልክ ማውጣት

ጨርቅ ከመቁረጥ በፊት በወረቀት መሥራት ግዴታ ነው፤ የመኪና መስኮት ከሩቅ ቀጥ ያለ ቢመስልም ጎኑ ሁሉ ጎባጣ ነው። መስታወቱን ዘግተው ሰፊ ወረቀት በውጭ በኩል በወረቀት ፕላስተር ይለጥፉና የፍሬሙን ጠርዝ በእርሳስ ጎን እየፈተጉ ያውጡት። ወረቀቱ ላይ «የኋላ ቀኝ፣ ውጭ» ብለው መጻፍዎን አይርሱ፤ የግራው በር የቀኙ ግልባጭ ስለሆነ አንዱን ወረቀት ገልብጦ መጠቀም ይቻላል፣ ሳይገለብጡ መቁረጥ ግን ጨርቅ ያባክናል።

ለማግኔቱ ዓይነት ከመስኮቱ ክፍት ቦታ ውጭ በየአቅጣጫው 4 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ፤ ከዚህ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትሩ ታጥፎ የማግኔት ማስገቢያ ይሆናል፣ 2 ሴንቲ ሜትሩ ብረቱ ላይ ይተኛል። ለከረጢቱ ዓይነት የፍሬሙን ውፍረት ይለኩና ግማሹን በውጩ ገጽ፣ ግማሹን በውስጡ ገጽ ላይ ጨምረው ለስፌት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያክሉ። የውጩ ገጽ ከመስኮቱ ታችኛ ከንፈር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ መንጠልጠል አለበት።

ብዙ የተዘጋጁ ከረጢቶች በውስጥም በውጭም ሙሉ መረብ አላቸው። ይህን አሠራር አልደግፈውም፤ 66 በመቶ ክፍት የሆነ ጨርቅ በላዩ ላይ ሲደገም ክፍት የሆነው ድርሻ ወደ 44 በመቶ ስለሚወርድ መስኮቱ ተከፍቶም የመኪናው ውስጥ ይታመቃል። በራስዎ እጅ ሲሠሩ የውስጡን ገጽ መሐል ቆርጠው ያውጡትና ከላይና ከጎን 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ብቻ ያስቀሩ፤ ከረጢቱን ፍሬሙ ላይ ለማቆየት ይህ ይበቃል።

ስፌቱ

ወንፊት እየተንሸራተተ ስለሚያስቸግር ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙን ወዲያውኑ በጥብጣብ ማቀፍ ያስፈልጋል። ቀጭን መርፌና የፖሊስተር ክር ይጠቀሙ፤ የጥጥ ክር በፀሐይና በእርጥበት ቶሎ ይበሰብሳል። ጥብጣቡ ከታችም ከላይም ጨርቁን አቅፎ ሁለት ጊዜ ይሰፋ። ሲሰፉ ጨርቁን አይጎትቱት፤ የተጎተተ ወንፊት ከመርፌው ሲለቀቅ ይሸበሸባል፣ እያንዳንዱ ሽብሻብም ብረቱ ላይ ሲተኛ አንድ ትንሽ ዋሻ ይሆናል።

ለማግኔቱ ዓይነት ዲያሜትራቸው 10 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች በቂ ናቸው። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ አንድ፣ በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ያስቀምጡ። ማግኔቱን ወደ እጥፋቱ ካስገቡ በኋላ ግራና ቀኙን ሰፍተው የራሱ ኪስ ያድርጉለት፤ ያለዚያ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ተሰብስበው ይጣበቃሉ። የስፌት መኪናው እግር ብረት ስለሆነ ማግኔቱ እንዳይሳብበት የመጨረሻውን ስፌት በእጅ መስፋት ይቀላል። ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ኃይሉን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ መረቡን ፀሐይ በሚያርፍበት ክሩስኮት ላይ አያስቀምጡት። ማግኔቱ የማይይዝባቸው፣ ቀደም ብለው ምልክት ያደረጉባቸው ቦታዎች ላይ የቬልክሮ ቁራጭ ይጠቀሙ።

የኪሶቹ ስፌት ጥንካሬ የደኅንነት ጉዳይም ነው። ሕፃን ከአንድ በላይ ማግኔት ከዋጠ ማግኔቶቹ በአንጀት ግድግዳ ግራና ቀኝ ሆነው ይሳሳቡና አንጀቱን ሊበሱ ይችላሉ፤ ይህ ፈጣን ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ነው። ስፌቱ የላላ ኪስ ካዩ መረቡን እስኪጠግኑት ድረስ አይጠቀሙበት። የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰውም መረቡን ደረቱ ላይ አስጠግቶ መያዝ የለበትም።

ከረጢቱ ላይ ማግኔት የግድ አይደለም። ሁለቱን ገጾች ከላይና ከጎን ሰፍተው ያጋጥሟቸው፤ የጎኑ ስፌት ግን የመስኮቱ ከንፈር ላይ ይቁም፣ ከዚያ በታች በሩ ስለሚወፍር ከረጢቱ አይገባም። በውጩ ገጽ ሁለት የታች ማዕዘኖች ላይ ቀጭን ጥብጣብ ይስፉ፤ ጥብጣቦቹ በሩ ተከፍቶ ሳለ በበሩ ጠርዝ ዞረው በውስጥ በኩል በቬልክሮ ይታሰራሉ። በበሩ መቆለፊያ ላይ እንዳያልፉ ይጠንቀቁ። የታችኛው ጠርዝ ነፋስ እንዳያነሣው ላስቲክ ይግባበት፤ የበሩ ቆዳ ብረት ከሆነ ሦስት ማግኔቶች ቢጨመሩበት የተሻለ ነው።

መግጠምና መፈተን

ከመግጠምዎ በፊት ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ቀለሙን የሚጭረው መረቡ ሳይሆን በማግኔቱ ሥር የቀረ አቧራ ነው። መስታወቱን መጀመሪያ ዝቅ ያድርጉ፣ ቀጥሎ መረቡን ይግጠሙ፣ በሩንም ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍተው ይዝጉት። በሩ እንደ ወትሮው ካልተዘጋ እጥፋቱ ወፍሯልና በኃይል አይዝጉት፤ ስፌቱን ያሳሱት።

አስተማማኙ ፈተና የሚደረገው ሲጨልም ነው። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ጠንካራ ባትሪ በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ እያለ ያዙር፣ ሌላው ውጭ ቆሞ ይመልከት። በወንፊቱ የሚያልፈው ብርሃን የደበዘዘና ወጥ ነው፤ ክፍተት ባለበት ግን ብርሃኑ እንደ ስንጥቅ ደምቆ ይታያል። ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በማዕዘኖች ላይና በፊት በር በስፖኪዮው ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን ቦታ ነው። በዚያ ቦታ ጥብጣቡን ከመጎተት ይልቅ ትርፍ ጨርቅ ሰፍቶ መጨመር ይሻላል።

አየሩ እንዲንቀሳቀስ ቢያንስ ሁለት መስኮቶች፣ በተለይም ትይዩ ያልሆኑ፣ ለምሳሌ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ መከፈት አለባቸው። አንድ መስኮት ብቻ ከፍቶ መረቡን መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። ከመተኛትዎ በፊት ደግሞ ውስጥ የቀሩትን ቢምቢዎች በባትሪ ፈልገው ያስወጡ፤ የተዘጋ መረብ ውስጥ ያለችውን ቢምቢ ከእርስዎ ጋር ያሳድራታል።

መረቡ የማይችለው ነገር

መረቡ የቆመ መኪና ዕቃ ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ነፋሱ ከረጢቱን እንደ ሸራ ይነፋዋል፣ የፊት መስኮት ላይ ከሆነም ስፖኪዮውን ይጋርዳል፤ ብዙ አገሮች በፊት የጎን መስታወቶች ላይ እይታን የሚቀንስ ነገር መለጠፍን በሕግ ይገድባሉ። ከመነሣትዎ በፊት ሁሉንም ይንቀሉ። ጠንካራ ሽቦ ወይም እንጨት ያለበትን መረብ ደግሞ ቆሞም ቢሆን አልመክርም፤ የጎን ኤርባግ ከጣሪያው ጠርዝ በሚወርድባቸው መኪኖች ረስተው ቢነዱ አደጋ ላይ ሽቦው ወደ ተሳፋሪው ሊወረወር ይችላል። መረቡ ተገጥሞ ሳለ የመስታወቱን ቁልፍ መጫንም መወገድ አለበት፤ ጨርቁ ከመስታወቱ ጋር ወደ ጎማው ከተሳበ መስታወት የሚያነሣው ሞተር ይጎዳል።

በመረብ የተሸፈነ ክፍት መስኮት ሕፃንን ወይም እንስሳን ብቻውን መኪና ውስጥ ለመተው ፈቃድ አይሰጥም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሊሞቅ ይችላል፤ መስታወቱን ጥቂት ዝቅ ማድረግም ይህን እምብዛም አያዘገየውም። መረቡ የሕፃን ክብደትም አይሸከምም፣ ሌባም አያቆምም። ሞተር አስነሥቶ በመረብ ውስጥ መተኛት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ በወንፊቱም እንደ ማንኛውም አየር ያልፋል።

ለማጠብ ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙናና የልብስ ብሩሽ ይበቃሉ፤ በጥላ ይድረቅ፣ ካውያ አይንካው። ዲት የተባለው ኬሚካል ያለበትን የነፍሳት መከላከያ መረቡ ላይ አይርጩ፤ ፕላስቲክንና የመኪና ቀለምን ያበላሻል። የማግኔት መረብን ለሳምንታት ሳያነሡ አይተዉት፤ በሥሩ የሚጠራቀመው እርጥበት ቀለሙ ላይ ምልክት ይተዋል። ሲያስቀምጡት ማግኔት ከማግኔት ጋር ገጥሞ ወንፊቱን እንዳይቆነጥጠው በወረቀት ላይ ጠቅልለው በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ያኑሩት፤ የየትኛው በር እንደሆነም ጥብጣቡ ላይ ይጻፉበት።