የአዳማ ቀይ ሽንኩርት ቀለም በማይክሮስኮፕ ሲታይ

ለዚህ ሥራ «አዳማ ቀይ» የሚባለውን ዝርያ ፈልጉ፤ ጠቆር ስለሚል በማይክሮስኮፕ በግልጽ ይታያል። ጠንካራና ያልበቀለ ይሁን።

ደረቁን ልጣጭ ጣሉ። ከሥሩ ባለው ሥጋማ ቅጠል ላይ፣ በጎበጠው የውጭ በኩል፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር በግማሽ የሚሆን ካሬ በምላጭ ጫሩና ስሱን ሽፋን በወረንጦ ላጡ። ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ነው፤ የውስጡ ሽፋን በቀላሉ ስለሚላጥ ያንን ያነሳል፣ እሱ ግን ቀለም የለውም። ውሃ ጠብ ባለበት ስላይድ ላይ ዘርጉት፣ በከቨር ስሊፕ ሸፍኑት፣ በ10 ሌንስ ጀምሩና ወደ 40 እለፉ። ሴሉን ሞልቶ የምታዩት ሐምራዊ ቫኩዮሉ (በሴሉ ውስጥ ያለው ትልቅ የፈሳሽ ከረጢት) ነው፤ ቀለሙ፣ ማለትም አንቶሳያኒን፣ የሚከማቸው እዚያ ነው።

5 ግራም ጨው በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙ። በከቨር ስሊፑ አንድ ጠርዝ ጠብ አድርጉ፣ በሌላው ጠርዝ በሶፍት ሳቡት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሐምራዊው ከሴሉ ግድግዳ ሸሽቶ ይሰበሰባል፣ ይደምቃልም። በግድግዳውና በቀለሙ መካከል የተፈጠረውን ክፍተት አትኩራችሁ እዩት፦ ምንም ቀለም የለበትም። ውሃው ወጣ፣ ቀለሙ ቀረ።

ታዲያ መውጣት ያቃተው እንዴት ገባ? አንቶሳያኒን የሚሠራው ከቫኩዮሉ ውጪ፣ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (በሴሉ ውስጥ ያለ የገለፈት መረብ) አካባቢ ነው። ስኳር ከተያያዘበት በኋላ የቫኩዮሉን ሜምብሬን (የከበበውን ስስ ገለፈት) በራሱ አያልፍም፤ አሻጋሪ ይፈልጋል። በወይን ፍሬ ላይ ሁለት ዓይነት ትራንስፖርተር ፕሮቲን ተገኝቷል፦ ኤቲፒ (የሴሉን የኃይል ሞለኪውል) እያቃጠለ የሚያስገባው የኤቢሲ ቤተሰብ፣ እና ፕሮቶን (አሲዳማ የሚያደርገውን የሃይድሮጅን አዮን) እያስወጣ በምትኩ ቀለም የሚያስገባው የሜት ቤተሰብ። ፕሮቶኑን አስቀድመው ወደ ውስጥ የሚያጭቁት ሌሎች ፓምፖች ናቸው፤ ቫኩዮሉ አሲዳማ የሆነው በእነሱ ነው።

ጨዉን በንጹህ ውሃ እጠቡት፤ ሴሉ በሕይወት ካለ ቀለሙ ተመልሶ ይሞላል። ካልሞላ ወይ ጨዉ በርትቷል፣ ወይ ዘግይታችኋል። የአዳማ ሙቀት ከመብራቱ ጋር ተደርቦ ስላይዱን ቶሎ ያደርቃል፤ ውሃው ሲተን ጨዉ እየበረታ ስለሚሄድ ጠርዙን ሳይደርቅ አርጥቡት።

በመጨረሻ 70 በመቶ አልኮል ጨምሩ። ሜምብሬኑ ይበላሻል፣ ቀለሙም ይፈስሳል። ሽንኩርት ሲከተፍ የሚያስለቅሰው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም ቫኩዮሉ ውስጥ፣ የሚሰብረው የሰልፈር ውህድ ደግሞ ከቫኩዮሉ ውጪ ተለያይተው ይቀመጣሉ፣ ቢላዋው ያገናኛቸዋል።

ትራንስፖርተሩን ራሱን በዚህ ሙከራ አታዩትም። የእሱን ሥራ የሚያሳየው ጂኑ የተበላሸ ተክል ነው፦ አራቢዶፕሲስ በተባለች ለምርምር በምትውል ትንሽ ተክል ላይ ቲቲ12 የተባለው የሜት ጂን ሲበላሽ ዘሩን ቡናማ የሚያደርገው ታኒን ጥሬ ዕቃ ወደ ቫኩዮሉ ስለማይገባ የዘሩ ልባስ ቡናማነቱን ያጣል።