የዩፒኤስ ባትሪ ስትቀይሩ ከአርክ ፍላሽ (በአየር ላይ ከሚዘል የኤሌክትሪክ እሳት) እንዴት ትጠነቀቃላችሁ?

ሶኬት የሚፈራ ሰው ባትሪ ላይ ሲሆን የቡሎን ቁልፍ ይዞ በባዶ እጁ ይገባል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ትልልቅ ዩፒኤሶች (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተኩ መሣሪያዎች) ላይ ብዙ ጊዜ 32 ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ይያያዛሉ። ድምሩ 384 ቮልት ዲሲ ነው፤ ቻርጅ ላይ ሲሆን ደግሞ 430 ገደማ ይደርሳል። ኤሲ፣ የሶኬቱ ኤሌክትሪክ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ አርኩ ለመጥፋት ዕድል ያገኛል። ዲሲ፣ የባትሪው፣ ዜሮ ላይ አያልፍም። አንዴ ከተነሳ እንደ ብየዳ ይቀጥላል።

መጀመሪያ ስሌቱን ስሩ። የአንዱ ባትሪ ውስጣዊ ሬዚስታንስ 4 ሚሊኦም ነው እንበል። 12ን ለ0.004 ስታካፍሉ 3,000 አምፔር ይመጣል፤ ሾርት ሲሆን የሚፈሰው ይሄ ነው። ኤንኤፍፒኤ 70ኢ የተባለው የአሜሪካ መመዘኛ አባሪው ላይ የዲሲ ቀመር አለው፤ የአርኩን አምፔር የሾርቱን ግማሽ አድርጎ ይወስዳል። በዚህ ቀመር 45 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ለ2 ሰከንድ የቆመ ሰው በካሬ ሴንቲሜትር 5.7 ካሎሪ ያገኘዋል። ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ የሚጀምረው 1.2 ላይ ነው። ባትሪዎቹ ካቢኔት ውስጥ ከሆኑ ቁጥሩ እስከ ሦስት እጥፍ ሊሄድ ይችላል። አራት ባትሪ ብቻ ቢሆን ግን 0.7 ገደማ ነበር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ቀለበት፣ ሰዓትና ሐብል አውልቁ። ክፍሉ አየር ይኑረው፤ ባትሪ ሃይድሮጂን ያወጣል። አርክ የሚችል ልብስና የፊት መከላከያ ልበሱ፤ ልብሱ ላይ የተጻፈው ካሎሪ ስሌታችሁ ካመጣው መብለጥ አለበት። ናይለን ነገር ከውስጥም ቢሆን አትልበሱ፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጓንቱ የኤሌክትሪክ ይሁን። ክላስ 00 እስከ 750 ቮልት ዲሲ ይችላል።

ቁልፍን በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎ መስራት የተለመደ ነው። እኔ አልቀበለውም። ፕላስተሩ ቡሎኑ ጋ ይላጣል፤ አደጋው ደግሞ እዚያው ጋ ነው። ባለ 1,000 ቮልት ኢንሱሌትድ ቁልፍ ግዙ። ከተቻለ ከአንዱ ፖል እስከ ሌላው የማይደርስ አጭር ይሁን።

አሁን ዋናው ጣጣ መጣ። ባትሪ ማጥፊያ የለውም። ብሬከሩን ኦፍ ብታደርጉት ጭነቱ ይቋረጣል እንጂ ባትሪዎቹ ላይ ያለው 384 ቮልት እዚያው ነው። መፍትሔው ሰንሰለቱን መበጣጠስ ነው። ብሬከሩን ኦፍ አድርጋችሁ ቆልፉት። ከዚያ ዲሲ በሚያነብ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ በሚለካ) አምፔሩ ዜሮ መሆኑን እዩ፤ ተራው የኤሲ ክላምፕ ምንም ባያሳይ አትመኑት። ቀጥሎ ቮልቴጅ ለኩ። ከመንካታችሁ በፊት ግን የቴስተሩ ቀይ ሽቦ የት እንደተሰካ ተመልከቱ። አምፔር ቀዳዳ ላይ ከቀረ ቴስተሩ ራሱ ሾርት ነው።

ከሁለቱም ጫፍ ወደ ኧርዝ ለኩ። ቋሚ ቮልቴጅ ካነበበ የሆነ ቦታ ሌኬጅ (ወደ ኧርዝ የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ) አለ፤ ሳይገኝ አንድም ቡሎን አትፍቱ። ንጹህ ከሆነ መሃል ላይ ያለውን ማያያዣ ፍቱ። ይህ የመጀመሪያው ቡሎን ከሁሉም ይከብዳል፤ ሙሉው ቮልቴጅ ገና አለና። የተፈታውን ጫፍ ወዲያው ሸፍኑት። ሁለት 192 ቮልት ሆነ። እንደገና አጋምሱ፣ 96። አንዴ ድገሙት፣ 48። እያንዳንዱ ክፍል አራት ባትሪ ብቻ ቀረው፤ ያዙ ያልኳችሁ 0.7 ይሄ ነው። ሲበጣጠስ የማያልቅ ስራ ይመስላል፣ ግን አትዝለሉት።

የሞተውን ባትሪ ቀይሩ። ስትመልሱ በተቃራኒው ነው፤ የመሃሉ ማያያዣ መጨረሻ ይገባል። ቡሎኑን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ)፣ አምራቹ ባለው ልክ አጥብቁ፤ የላላ ቡሎን ይግላል።

ብሬከሩን ኦን ከማድረጋችሁ በፊት ጠቅላላ ቮልቴጁን ለኩ። ሙሉ የሆኑ 32 ባትሪዎች ሲያርፉ 410 ገደማ ያነባሉ። 25 ቮልት አካባቢ ከጎደለ አንዱ ተገልብጦ ገብቷል ማለት ነውና ብሬከሩን ሳትነኩ ሰንሰለቱን መልሳችሁ በጥሱ።