የቪቴ ቀዳዳ በፋይበርግላስ ጀልባ ላይ

ከጀልባችሁ ላይ የድሮ መያዣ ነቅላችሁ የቪቴ ቀዳዳዎቹ አፍጥጠው ቀሩ? ሲሊኮን ጠቅ አድርጋችሁ እንዳታልፉ። ውሎ አድሮ ይላቀቃል። ቅሪቱ ደግሞ የባሰ ነው፤ በኋላ ኢፖክሲም (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ቀለምም አያስይዝም። የመኪና ስቱኮም ውሃ ይስባል፣ ከውሃ መስመር በታች አይሆንም።

መጀመሪያ ከቀዳዳው ወፈር ባለ ፑንታ አፉን ብቻ ጫር ጫር አድርጉ። ከላይ ሰፋ ሲል ኢፖክሲው የሚይዘው ቦታ ያገኛል። ፑንታው ይዞት የሚወጣው ብናኝ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ግን ቁሙ። ውስጡ እንጨት አለ፣ ውሃም ገብቶበታል። ሳይደርቅ መድፈን ብስባሽ መቅበር ነው።

በአሴቶን ጥረጉት። ቀዳዳው ወዲያ ማዶ ከዘለቀ ከኋላ ፕላስተር ለጥፉ።

አሁን ኢፖክሲውን በሲሊካ ዱቄት እንደ ለውዝ ቅቤ እስኪወፍር አማስሉ። በእንጨት ስታነሱት መንጠባጠብ የለበትም። ከፋርማሲ በምትገዙት ሲሪንጅ (መርፌው ይቅር) ጫፉን እስከ ታች አስገብታችሁ እየገፋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ከላይ ብቻ ከደፈናችሁት አየር ይታፈናል። እኔ የመጀመሪያዬን እንዲያ አድርጌ በማግስቱ መሃሉ ሰርጉዶ አገኘሁት። ትንሽ አበጥ ይበል።

በነጋታው በውሃ እጠቡት፣ ከዚያ በቁጥር 120፣ ቀጥሎ በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። ኢፖክሲ ፀሐይ አይወድምና ቀለም አልብሱት።

ይህ እስከ 6 ሚሊሜትር ለሚሆን ቀዳዳ ነው። ከዚያ የሰፋው የፋይበርግላስ ጨርቅ ይፈልጋል።