የግቢ በርና አጥር ሲያሠሩ የሚያስቆጩ ስህተቶች፦ ከደሴ ዳገት እስከ ኮምቦልቻ ሜዳ

የግቢያችን በር የተገጠመ ቀን ጎረቤት ሁሉ ሊያይ ወጣ። ቤታችን ደሴ ነው፤ ሰፈሩ ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱን ይዞ የወጣ ነው። በሩ ያምራል። ጥቁር ነው፤ ከላይ ወርቃማ ሐረግ አለው፤ ባለ ሁለት ክንፍ ነው። በያጁ የቀኙን ክንፍ ወደ ውስጥ ገፋው። ግማሽ ድረስ ሄደና ቆመ። የግርጌው ብረት መሬቱን ነክሶ አልነቃነቅ አለ። መኪና ቀርቶ የእጅ ጋሪ እንኳ ማስገባት አልተቻለም።

በያጁ «አብሽር ጋሼ፣ ከሥሩ እንቆርጠዋለን» አለኝ። ተቆረጠ። በሩ ተከፈተ፤ ሲዘጋ ግን ከሥሩ ውሻ የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። ያ ክፍተት እስካሁን ያናድደኛል።

ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻም ሆነ ሐይቅ ስሄድ ዓይኔ የሰው በርና አጥር ላይ ነው። በያጅና ግንበኛ ሳገኝ ሳልጠይቅ አላልፍም። ቤት የሚሠራ ዘመድ ሲያማክረኝ የምነግረውን ነው እዚህ የጻፍኩት።

በሩን ከስልክ ፎቶ ላይ መምረጥ

የእኔ ጥፋት ይሄ ነበር። ፎቶው ላይ ያለው በር የቆመው ሜዳ ላይ ነው። እኔ ያለሁት ዳገት ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደው የሚያገኟት ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር። ለአንዷ የሚሆን በር ለሌላዋ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ከዲዛይኑ በፊት መሬቱን ይለኩ። ሲባጎና ውሃ ልክ (አግድም መስተካከሉን የሚያሳየው መለኪያ) ይበቃል። በሩ በሚቆምበት መስመር ላይ ሲባጎውን መሬት ለመሬት ይሰሩ። የአንዱን ክንፍ ርዝመት ያህል ወደ ግቢው ውስጥ ሳቡትና በውሃ ልክ አስተካክሉት። መሬቱ ከሲባጎው በላይ ስንት ሴንቲ ወጣ? የበሩ ክንፍ 2 ሜትር ቢሆንና መሬቱ በየሜትሩ 10 ሴንቲ ቢነሳ፣ ክንፉ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት ከሥሩ 20 ሴንቲ ክፍተት ይፈልጋል። የእኔ ውሻ ማሳለፊያ በትክክል እሱ ነው።

መፍትሔው እንደ ዳገቱ አቅጣጫ ይለያያል። ዳገቱ ከመንገዱ ወደ ግቢው የሚወጣ ከሆነ ተንሸራታች በር ይሻላል፤ በአጥሩ ጎን ስለሚሄድ ዳገቱን አይነካውም። ዳገቱ በአጥሩ ርዝመት የሚወርድ ከሆነ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የተንሸራታቹ ሀዲድ ቁልቁል ይሆንና በሩ ራሱን ችሎ ይሮጣል፤ ለልጆች አደገኛ ነው። እዚያ ላይ ባለ ክንፍ ይሁን። ሁለቱም ካልሆነ ከበሩ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ ጥቂት ሜትር ቆፍሮ ማስተካከል ነው። ወጪ አለው፣ ግን አንዴ ነው።

ወደ ውጭ የሚከፈት በር አስበው ከሆነ ይተዉት። መንገደኛ ይመታል፣ ቦይ ይዘጋል፣ ከማዘጋጃ ቤትም ጋር ያጣላል።

ተንሸራታች የሚመርጡ ሰዎች አንድ ነገር ይረሳሉ። በሩ ሲከፈት የሚሸሸግበት ቦታ ያስፈልጋል። 4 ሜትር ለሚከፈት በር ቢያንስ 4 ሜትር ተኩል ቀጥ ያለ አጥር በጎኑ ይኑር። በዚያ መስመር ላይ የውሃ ሮቶ ወይም ዛፍ ካለ አስቀድመው ይወቁት።

ውሃው የት እንደሚሄድ አለመጠየቅ

የእኛን ግንብ የሠሩት ሽማግሌ ግንበኛ ገና ሥራ ሳይጀምሩ ከላይኛው ጥግ ቆመው ግቢውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ውሃውን የት ልታደርጉት ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ደሴ ላይ አጥር የሚሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

የደላንታን ወይም የመቅደላን ገጠር ያየ ሰው ካብ ያውቃል። ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ለዓመታት ይቆማል። ምሥጢሩ ክፍተቱ ነው። ክረምት ላይ ውሃው በድንጋዮቹ መሃል ሾልኮ ይወጣል። እኛ ከተማ ስንገባ ያንኑ ድንጋይ በሲሚንቶ እንለስነዋለን። ያምራል፣ ይጠነክራልም። ግን ግድብ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከላይኛው ግቢ የሚወርደው ውሃ ከግንቡ ጀርባ ይጠራቀማል። አፈሩ ይርሳል፣ ይከብዳል፣ ይገፋል። አንድ ሌሊት ግንቡ ተጠቅልሎ ታችኛው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ይገኛል። በዚህ የተነሳ የተኳረፉ ሰዎች አውቃለሁ።

መከላከያው ርካሽ ነው። አፈር በሚደግፍ ግንብ ውስጥ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ እየቀበሩ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ማበጀት ነው። ቱቦው ከ2 እስከ 3 ኢንች ስፋት ይኑረው፤ በየሜትር ተኩሉ ወይም በየ2 ሜትሩ ይሁን፤ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል። ከጀርባው ጠጠር ይሞላ። ጠጠሩ ከሌለ ቀዳዳው በመጀመሪያው ክረምት በጭቃ ይደፈናል። ግንበኛው «ግድግዳውን ያበላሸዋል» ሊልዎ ይችላል። አይስሙት። ከቀዳዳው የሚወጣው ውሃ ደግሞ በቦይ ይሂድ እንጂ በቀጥታ ጎረቤት ላይ አይፍሰስ።

በሩም ያው ነው። ከመንገድ ዝቅ ባለ ግቢ የመንገዱ ጎርፍ በበሩ ሥር ይገባል። ከበሩ ፊት ለፊት አግድም ቦይ ተቆፍሮ በጠንካራ ፍርግርግ ይከደን። ተንሸራታች በር ካለ ሀዲዱ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይተከል፤ አለበለዚያ ከአንድ ዝናብ በኋላ በአሸዋና በጠጠር ይሞላና በየጠዋቱ በማንኪያ ሲጠርጉ ይገኛሉ።

ሥራው የሚጀመርበትን ወቅትም ያስቡበት። ወሎ በልግም አለው። ክረምቱ አለፈ ብሎ የካቲት ላይ መሠረት የቆፈረ ሰው ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላ ሊያይ ይችላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢቆፈር የተሻለ ነው።

ዋልካ ላይ ምሰሶ ማቆም

ወደ ኮምቦልቻና ከሚሴ ሲወርዱ፣ በቦርከና ወንዝ ዳርቻና በዝቅተኛ ሜዳዎች ላይ ጥቁር አፈር ያጋጥማል። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምሰሶውንም ይዞት ይንቀሳቀሳል። ምልክቱ ቀላል ነው። ግንቦት ላይ በደንብ የሚዘጋው በር ነሐሴ ላይ የቁልፉ ምላስ ቀዳዳውን ይስታል። ሰው በያጁን ይሳደባል። ጥፋቱ የአፈሩ ነው።

ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ መቆፈር ነው። በጣም ከጠለቀ ጥቁሩ ተነስቶ ገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት አፈር) እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ግን ሁለቱን የበር ምሰሶዎች ከመሬት በታች በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ቢም ማያያዝ ነው። ያኔ መሬቱ ቢንቀሳቀስ እንኳ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። በሩ አይጣመምም።

ሚሊውን ሳይጽፉ ቀብድ መክፈል

በር የሚሸጠው በካሬ ነው። «ካሬው ስንት ነው?» ብለን እንከራከራለን፣ እንስማማለን፣ ቀብድ እንሰጣለን። የላሜራው (የበሩ ዝርግ ብረት) እና የቱቦላሬው (ውስጡ ክፍት የሆነው የፍሬም ብረት) ውፍረት ግን አልተነሳም። አንዱ በያጅ ከሌላው በጣም የረከሰበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 1 ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ 8 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። 4 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ከ20 ቁመት ያለው በር 8.8 ካሬ ነው። በ1 ሚሊ ላሜራ ብቻውን 69 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በ1.5 ሚሊ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ቱቦላሬውና ጌጡ ገና አልተጨመረም።

ይህ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ቀጭኑን በወፍራሙ ዋጋ የሸጠልዎ ሰው ብዙ ኪሎ ብረት አስቀርቶብዎታል። ሁለተኛ፣ ወፍራም ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። ከባድ በር ከባድ ምሰሶና ጠንካራ ማጠፊያ ይፈልጋል። እኔ ብሆን ለላሜራው ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ይበቃኛል፤ ገንዘቤን ፍሬሙ ላይ አፈሳለሁ። ለእያንዳንዱ ክንፍ ደግሞ ሦስት ማጠፊያ፣ ኩሽኔታ ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ውሉ ላይ የላሜራው ሚሊ፣ የቱቦላሬው መጠንና ሚሊ፣ የማጠፊያው ቁጥር፣ የቀለሙ ዓይነት ይጻፍ። ብረቱ ከመቀባቱ በፊት ሄደው በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ይለኩ። ማፈር አያስፈልግም። ጥሩ በያጅ ሲለካበት ደስ ይለዋል።

ለዛሬው መኪና ብቻ መለካት

መኪናዬ ትንሽ ናት ብለው 2 ሜትር ከ80 በር አያሠሩ። ነገ አሸዋ የጫነ አይሱዙ ይመጣል። ውሃ ሲጠፋ ቦቴ ይመጣል። የእድር ድንኳን ብረት በሸክም የሚገባውም በዚያው በር ነው። ወሎ ውስጥ ሰርግም ለቅሶም ሲሆን የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ጎረቤት አብሮ ነው የሚገባው። ከ3 ሜትር ተኩል አይነስ፤ መንገዱ ጠባብ ሆኖ መኪናው ታጥፎ የሚገባ ከሆነ 4 ሜትር ይሁን።

የሰው መግቢያዋ ትንሽ በር ለብቻዋ ብትሠራ እመርጣለሁ። ትልቁ ክንፍ ውስጥ ስትከፈት ክንፉን ታደክመዋለች፤ ከሥሯ የሚቀረው ብረት ደግሞ አረጋውያንን ያደናቅፋል።

እግረ መንገዴን፦ ከመቆፈር በፊት የወሰን ድንጋዩን ከካርታው ጋር ያመሳክሩ። ጎረቤትዎን ጠርተው አብረው ይዩት።

ጎረቤትን የሚያስወጣ አጥር

ይህ የማዕዘንና የሚሊ ጉዳይ አይደለም። ግን ከሁሉም በላይ ልቤ ላይ ያለው ይሄ ነው። እናቴ ከሰዓት በኋላ ቡና ስታፈላ አጥሩ ጋ ቆማ «ኑ ቡና ጠጡ!» ትል ነበር። የሚመጣው በስልክ ተጠርቶ አልነበረም። አሁን 3 ሜትር ድፍን ብሎኬት፣ በላዩ ጠርሙስ ስባሪና እሾሃማ ሽቦ እያደረግን ነው። ጩኸት ቢሰማ ማን ያያል? ሌባም አንዴ ከገባ በኋላ የሚወደው ድፍን አጥር ነው፤ ከመንገድ የሚያየው የለም።

በመንገዱ በኩል ከታች 1 ሜትር ገደማ የድንጋይ ግንብ፣ ከላይ የብረት ፍርግርግ ቢሆን ያምራል። አየር ያልፋል፣ የደሴ ነፋስም እንደ ድፍን ግድግዳ አይገፋውም። የአካባቢያችን ጥርብ ድንጋይ ራሱ ጌጥ ነው፤ በሴራሚክ አይሸፍኑት። መኝታ ቤቱ ባለበት በኩል ከፈለጉ ከፍ አድርገው ይድፈኑት። የፍርግርጉ ብረቶች መሃል ከ10 ሴንቲ አይለፍ፤ የሕፃን ጭንቅላት ይገባል። ልጆች ባሉበት ቤት ጦር የመሰለውን ሹል ጫፍ ደግሞ ባይጠቀሙ ይሻላል። ልጅ መውጣቱ አይቀርም።

ሕያው አጥርን መናቅ፣ ወይም ሳያውቁ መትከል

ገንዘብ ላጠረው፣ ወይም በጀርባ በኩል ላለ አጥር፣ ተክል ጥሩ ነው። በኮምቦልቻ ሙቀት ቡገንቪሊያ ሽቦ ላይ ወጥቶ ሲያብብ ከብረት ጌጥ ይበልጣል። ቅንጭብ በፍጥነት ያድጋል፣ ከብትም አይበላውም። ነገር ግን ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ልጆች በሚጫወቱበት በኩል አይትከሉት፤ ሲቆርጡትም ዓይንዎን ይከልሉ። ባሕር ዛፍን ከግንብ ያርቁ። የባሕር ዛፍ ቋሚ ለአጥር ከተጠቀሙ ደግሞ ባቲና ከሚሴን በመሰለ ቆላ ምስጥ ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደሚጀምረው ይወቁ።

ሞተር ገጥሞ መብራት መጥፋቱን መርሳት

በሪሞት የሚከፈት በር ደሴም መጥቷል። ሲገዙ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚለቀቀው እንዴት ነው? የመልቀቂያው ቁልፍ ከቤቱ ሰው ሁሉ ዘንድ ይታወቅ። በእጅ ተገፍቶ በቀላሉ የማይሄድ በር ላይ ሞተር አይግጠሙ፤ ሞተሩ ራሱ ቶሎ ይቃጠላል።

ዝገቱን ቀለም ቀብቶ መሸፈን

ብየዳው ላይ የቀረው ቅርፊት ሳይፋቅ ከተቀባ ቀለሙ በዓመቱ ይላጣል። መጀመሪያ ይፋቅ፣ ይጸዳ፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባ፣ ከዚያ ሁለት ዙር የዘይት ቀለም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ቱቦላሬ ከውስጥ እንደሚዝግ ነው። ከላይ ክፍት የሆነው ጫፍ ሁሉ በብየዳ ይደፈን፤ ከሥር ደግሞ የገባው ውሃ የሚንጠባጠብበት ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ።

እኔ መስከረም ሲጠባ፣ ግቢው ገና ሳይደርቅ፣ ማጠፊያዎቹን ግሪስ እቀባለሁ። የተፋቀ ቦታ ካለ አንቲረስት አስነካዋለሁ። ያንን ከሥር የቀረውን ክፍተት ደግሞ ዘንድሮ ወፍራም ጎማ ቆርጬ በብሎን አሰርኩበት። በሩ ሲከፈት ጎማው ይታጠፍና መሬቱን አይነክስም፤ ሲዘጋ ይወርዳል። ውሻው ግን በጎረቤት በኩል ሌላ መንገድ አግኝቷል።